ጡት የሚወድ፣ ምግብ የሚመርጥ ልጅ፦ ሁለቱን አብሮ ማስኬድ

ዓመት ያለፈው ልጅ ገበታ ላይ ተቀምጦ ሁለት ጉርሻ ይቀምሳል። ሦስተኛው ሲመጣ ከንፈሩን ገጥሞ ፊቱን ያዞራል። ከዚያ እጁን ወደ እናቱ አንገትጌ ሰድዶ ልብሷን ወደ ታች ይጎትታል። ይህን ያየ ሁሉ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «ጡቱን አስጥዪው፤ ሲርበው ይበላል።»

እኔ ይህን ምክር አልቀበለውም። የጡት ወተት ልጁ ዓመት ሞላው ተብሎ ውኃ አይሆንም። በሁለተኛው ዓመቱ በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ የሚጠባ ልጅ ከሚያስፈልገው ጉልበት ሲሶ ያህሉን ከጡት ያገኛል፤ ጥሩ ፕሮቲን፣ ቫይታሚን ኤ እና በሽታ የሚከላከሉ ነገሮችም አብረው ይመጡለታል። የዓለም ጤና ድርጅትም ልጅ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ከምግብ ጋር ጡት እንዲጠባ ይመክራል። ምግብ የሚመርጥ ልጅ ጡቱን ድንገት ሲነጠቅ በማግስቱ ሳህን ሙሉ ይበላል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ማልቀስና እናቱ ላይ መለጠፍ ነው፤ ያቺን ትበላ የነበረችውን ጥቂት ምግብም ጭምር ሊተዋት ይችላል።

በሌላ በኩል «ጡት እስከጠባ ድረስ ምንም ባይበላ ግድ የለም» የሚለውም አያዋጣም። ከ6 ወር በኋላ ጡት ብቻውን የማይሸፍናቸው ነገሮች አሉ፤ ዋናው አይረን (ሰውነት ደም ለመሥራት የሚፈልገው የብረት ማዕድን) ነው። ስለዚህ ጡቱን ሳናስጥል ለምግቡ ቦታ ማስለቀቅ አለብን። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው ልጁ በሚጠባበት ሰዓት ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለው ከ1 እስከ 3 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆን ነው።

1. መጀመሪያ ችግር መኖሩን አረጋግጪ

ልጅ በመጀመሪያው ዓመቱ የተወለደበትን ክብደት ሦስት እጥፍ ያህል ያደርሳል። በሁለተኛው ዓመት ግን ዓመቱን ሙሉ የሚጨምረው ከ2 እስከ 3 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ዕድገቱ ሲዘገይ የምግብ ፍላጎቱም ይቀንሳል። በ10 ወሩ ሳህኑን ጠርጎ ይበላ የነበረ ልጅ በ15 ወሩ ግማሹን ሲተው እናት ትደነግጣለች፤ ብዙ ጊዜ ግን ሰውነቱ የሚጠይቀው ራሱ ቀንሶ ነው። ከዓመት ተኩል ወዲህ ደግሞ አዲስ ምግብን መጠራጠር ይመጣል። ትናንት የወደደውን ዛሬ መግፋትም በዚህ ዕድሜ ያለ ነገር ነው።

መለኪያሽ ሳህኑ ላይ የተረፈው አይሁን። ልጁን አስመዝኚ፣ ቁመቱንም አስለኪ፤ በዕድገት መከታተያ ካርዱ ላይ መስመሩን ተከትሎ እየወጣ ነው ወይ? ይጫወታል፣ ይሮጣል፣ ሽንቱን በደንብ ይሸናል ወይ? እነዚህ ደህና ከሆኑ ጊዜ አለሽ፤ ረጋ ብለሽ ማስተካከል ትችያለሽ። መስመሩ ጠፍጣፋ ከሆነ ወይም ወደ ታች ካዘነበለ የመጨረሻውን ክፍል አሁኑኑ አንብቢ።

2. ሦስት ቀን ጻፊ

ምንም ሳትለውጪ ለሦስት ቀን ወደ አፉ የገባውን ሁሉ ከነሰዓቱ መዝግቢ። ጡት፣ ብስኩት፣ ጁስ፣ ከታላቁ እጅ የተቀበላት ቁራሽ ዳቦ፣ ሌሊት የጠባው ሁሉ ይጻፍ። ምን ያህል ደቂቃ እንደጠባ መቁጠር አያስፈልግም፤ «ጠባ» ብቻ ይበቃል። አጠገቡ ግን ለምን እንደጠባ በአንድ ቃል አስቀምጪ፦ ራበው፣ እንቅልፍ፣ ወደቀ፣ ሰለቸው፣ እንግዳ መጣ።

ይህቺ ወረቀት ብዙ ትነግርሻለች። የብዙ ልጆች መዝገብ አንድ ዓይነት ነገር ያሳያል፦ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት ጡት፣ ከምሳ በፊት ብስኩት፣ ከእራት በፊት ደግሞ እናት ከሥራ ገብታ እንደገና ጡት። እንዲህ ያለ ልጅ ገበታ ላይ የሚቀርበው ጠግቦ ነው፤ ምግቡን ጠልቶ ላይሆን ይችላል።

ሌላም ነገር ተመልከቺ። አንቺ በሌለሽበት ከአባቱ ወይም ከሞግዚቷ ጋር ደህና ይበላል? ከሆነ ልጁ ማኘክም መዋጥም ያውቃል ማለት ነው። አንቺን ሲያይ ጡቱ ትዝ ስለሚለው ነው ማንኪያውን የሚገፋው፤ ይህ ደግሞ የተለመደ ነው። ለጊዜው ምሳውን ሌላ ሰው ቢያበላው፣ አንቺም ያን ጊዜ ከክፍሉ ብትወጪ ብዙ ይቀላል።

3. ሰዓቱን አስተካክዪ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ሕጉ አንድ ነው፦ ከዋና ምግብ በፊት ያለው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከጡትም ከቁርሳቁርስም ነጻ ይሁን። ጡቱ ከምግብ በኋላ ወይም ከእንቅልፍ ጋር ይያያዝ።

ልጁ ከዓመት በታች በነበረበት ጊዜ ይህ ተገላቢጦሽ ነበር፤ መጀመሪያ ጡት ከዚያ ምግብ። ብዙ እናቶች በዚያው ይቀጥላሉ። ከዓመት በኋላ ግን ምግቡ ይቅደም።

የዓመት ተኩል ልጅ ቀን ይህን ሊመስል ይችላል፦

ጠዋት 12፡30 – ከእንቅልፉ ሲነሳ ጡት
ጠዋት 2፡00 – ቁርስ
ረፋድ 4፡00 – ቀለል ያለ መክሰስና ውኃ
ቀን 6፡00 – ምሳ፣ ከዚያ ጡት ጠብቶ የቀን እንቅልፍ
ቀን 10፡00 – መክሰስ
ማታ 12፡30 – እራት
ማታ 1፡45 – ጡት፣ ጥርስ ማጽዳት፣ መኝታ

ሰዓቱን እንደ ቤትሽ አዛውሪው። ከሥራ ስትገቢ ልጁ ጡት ላይ የሚወድቅ ከሆነ ያችን ሰዓት አትንፈጊው፤ ናፍቆሽ ነው። ጡቱን ወዲያው ስጪውና እራቱን አንድ ሰዓት ተኩል አዘግዪ፣ ወይም ከመግባትሽ ቀደም ብሎ እራቱን እንዲበላ አድርጊ።

ሁሉንም በአንድ ቀን አትለውጪ። ከመዝገብሽ ላይ ከምግብ በፊት የምትመጣውን አንዲት ጡት ምረጪ፤ ከምሳ በፊት ያለችው ብዙ ጊዜ ትቀላለች። እሷን ከምሳ በኋላ ወዳለው ሰዓት ግፊያት፤ አራት አምስት ቀን ቆይተሽ ወደ ሌላዋ እለፊ። ቀስ ማለቱ ለጡትሽም ይበጃል። ድንገት የቆመ ጡት ይግላል፣ ይጠጥራል፣ ወደ ጡት ቁስለትም ሊሄድ ይችላል። ካበጠብሽ የሚያስታግስሽን ያህል ብቻ አልቢ።

4. በመሃል ጡት ሲጠይቅ

እንበል ምሳ ሊቀርብ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል፤ ልጁ መጥቶ ልብስሽን ይጎትታል። አትቆጪው፣ «የለም፣ አለቀ» ብለሽም አትዋሺው። ወደ እሱ ዝቅ ብለሽ የሚገባውን አጭር ነገር ንገሪው፦ «ጡቱ ከምሳ በኋላ ነው። አሁን ና፣ ማንኪያውን አብረን እናምጣ።» ውኃ ስጪው፤ አንዳንዴ የጠማው ነው። ሥራ ስጪው፤ ድንች ያጥባል፣ ክዳን ይከድናል። ያቺን ሃያ ደቂቃ ቆመሽ አሳልፊያት፤ ሁልጊዜ በሚጠባበት ወንበር ላይ ከተቀመጥሽ እየጠራሽው ነው። አንገቱ ጠበብ ያለ ልብስ መልበስም ቀላል የማይባል እገዛ አለው።

ከወደቀ፣ ከፈራ ወይም ካመመው ግን ሰዓት አትቁጠሪ፤ አጥቢው። ከመጽናኛ ጡት ጋር ጠብ የለንም። ልንቀንስ የምንፈልገው የመሰልቸት ጡትን ነው፤ እናት ስልክ ስታይ፣ ልጅ የሚሠራው ሲያጣ የሚመጣውን። እሱ በጨዋታ ይተካል።

ገበታ ላይ ተቀምጦ ጡት ቢጠይቅስ? «ምግባችን ሲያልቅ» በይው፤ ሳህኑን ከፊቱ አታንሺ፤ አንቺ መብላትሽን ቀጥዪ። አምርሮ ካለቀሰ ምግቡ አልቋል ማለት ነው፤ ከወንበሩ አውርጂው። ጡቱን ግን እዚያው ወንበር ላይ አትስጪ፤ ተነሥታችሁ፣ እጅ ታጥባችሁ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ይሁን። ይህ ካልሆነ ፊትን ማዞር ጡት እንደሚያመጣ ልጁ በሁለት ቀን ይማራል።

5. ሌሊት

ሌሊት አምስት ስድስት ጊዜ የሚጠባ ልጅ ቁርስ እምቢ ቢል አያስገርምም፤ ቁርሱን ሌሊት በልቶታል። ዓመት ያለፈውና ዕድገቱ ጥሩ የሆነ ልጅ የሌሊቱን ጡት ቀስ በቀስ መቀነስ ይችላል። መጀመሪያ እራቱን አጠናክሪ፣ የመኝታውን ጡት አትንኪ። ከዚያ ከእኩለ ሌሊት በፊት ያለችውን ንቃት በመዳበስ፣ በውኃ ወይም በአባት ክንድ ለመሸኘት ሞክሪ። አባት እዚህ ቦታ ላይ ከእናት ይሻላል፤ ወተት አይሸትም። ልጁ ጥርስ እያበቀለ፣ ታሞ ወይም ቤት እየቀየራችሁ ከሆነ ግን ለሌላ ሳምንት አቆዪው። አንቺ የሌሊቱ ጡት ካልከበደሽና ልጁ ቀን ላይ ደህና ከበላ ደግሞ ይህን ደረጃ ዝለዪው፤ ማንም አያስገድድሽም።

6. በትንሹ ሆድ ውስጥ ምን ይግባ?

በሁለተኛው ዓመቱ ጡት የሚጠባ ልጅ ከምግብ የሚፈልገው በቀን 550 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። ሦስት ወይም አራት ጊዜ ምግብ፣ አንድ ሁለት መክሰስ። ይህን ያህል ጠባብ ቦታ በቀጭን ሾርባና በብስኩት ከሞላ አልቆልናል። ስለዚህ ቅድሚያው ለአይረን ይሁን።

አንድ ሊትር የጡት ወተት ያለው አይረን ግማሽ ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም። በደንብ ይዋሃዳል፣ መጠኑ ግን ትንሽ ነው። ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ በቀን 7 ሚሊ ግራም ያህል ያስፈልገዋል። የአይረን እጥረት ራሱ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ አይረኑ ሲያንስ ልጁ አይበላም፣ ስላልበላ ይብስ ያንሳል። ምግብ የሚመርጥ ልጅ ያላት እናት ከሁሉም ነገር በላይ ይህን ብታውቅ እመኛለሁ።

ስለዚህ በየቀኑ ከሚከተሉት ቢያንስ አንዱ ይኑር፦ በደንብ የበሰለና የተፈጨ ቀይ ሥጋ፣ የዶሮ ጭን ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ምስር፣ ባቄላ፣ አይረን የተጨመረበት ገንፎ። ጉበት ከሁሉም ይበልጣል፤ ቫይታሚን ኤው እጅግ ብዙ ስለሆነ ግን በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። ከጥራጥሬ የሚገኘው አይረን በቀላሉ አይዋሃድም፤ ምስሩ አጠገብ ብርቱካን፣ ቲማቲም፣ ፓፓያ ወይም ማንጎ ስታቀርቢ ግን ቫይታሚን ሲው ያግዘዋል። ሻይ ደግሞ ያግደዋል፤ ለዚህ ዕድሜ ሻይ አያስፈልግም።

ሥጋ እምቢ የሚሉ ልጆች ብዙ ጊዜ እምቢ የሚሉት ማኘኩን ነው። ኩብ ኩብ የተቆረጠ ሥጋ አፉ ውስጥ እየዞረ ይቆይና ይተፋል። አድቅቀሽ ከተፈጨ ድንች ወይም ከምስር ጋር ለውሺው፤ ወይም ለስላሳ አድርገሽ በጣቱ እንዲይዘው ጠፍጠፍ አድርጊው። ቁርስ ላይ ገንፎው ውስጥ እንቁላል መትተሽ ጨምሪና በደንብ አብስዪው፤ ከላዩ አንድ የሻይ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ ወይም ዘይት ጣል አድርጊበት። በሦስት ማንኪያ የሚያቆም ልጅ ሦስቱም ማንኪያ ቁም ነገር ይያዝ።

መጠኑን ትንሽ አድርጊው። ከየምግቡ ዓይነት በዕድሜው ልክ አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ብቻ፤ ከፈለገ ይጨመርለታል። የተቆለለ ሳህን ገና ሳይቀምስ ያስፈራዋል።

ሲበላ ይቀመጥ፣ አጠገቡም ሰው ይኑር። ወይን በቁመቱ ለአራት ይሰንጠቅ። ያልተፈጨ ለውዝ፣ ፈንዲሻ፣ ጠንካራ ከረሜላና ጥሬ ካሮት ትን ስለሚሉ ቢያንስ 4 ዓመት እስኪሞላው ይቆዩ።

7. ገበታ ላይ የማን ሥራ ምንድን ነው?

ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚቀርብ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ይብላ አይብላ፣ ምን ያህል ይብላ የሚወስነው እሱ ነው። ይህን መስመር መጠበቅ ለእናት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልጁ ያልበላባት እናት እንቅልፍ አይወስዳትም። ግን በግድ መጋት፣ አፍንጫ ይዞ ማዋጥ፣ «አንዲት ለእማዬ» እያሉ አሥር ጊዜ መለመን፣ ስልክ ከፍቶ ሳያውቅ ማጉረስ፣ ሁሉም ልጁ የራሱን ረሃብና ጥጋብ እንዳይሰማ ያደርጉታል። የተጋተ ልጅ ማንኪያውን መፍራት ይማራል።

በምትኩ የሚወደው አንድ ነገር ሁልጊዜ ሳህኑ ላይ ይኑር፤ ሙዝ ከሆነ ሙዝ፣ ሩዝ ከሆነ ሩዝ። ከጎኑ አዲሱን ምግብ እንደ አውራ ጣት ጥፍር ያህል አድርጊና ዝም በዪ። ይንካው፣ ያሽትተው፣ ይላሰው፣ ይትፋው። ልጅ አንድን ምግብ ለመቀበል ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ብዙዎቻችን ግን በሦስተኛው «ይሄን አይወድም» ብለን እንተወዋለን። የተናቀችውን ካሮት ከሦስት ቀን በኋላ በሌላ መልክ አምጪያት፤ ተቀቅላ የተጠላችው ተፈጭታ ትበላ ይሆናል።

አብራችሁ ብሉ። ልጅ ከማንኪያው ይልቅ አፍሽን ነው የሚያየው፤ አንቺ ቆመሽ የምታበዪውን ሳይሆን ተቀምጠሽ የምትበዪውን ይፈልጋል። 20 ወይም 30 ደቂቃ ይበቃል። ካልበላ ያለ ቁጣ ሳህኑን አንሺ፤ ሌላ ምግብ አትሥሪለት፤ ቀጣዩ መክሰስ ወይም ጡት ሩቅ አይደለም። ጡቱም በሰዓቱ ይምጣ፦ ስላልበላ አትከልክዪው፣ ስለበላም ሽልማት አታድርጊው። ከረሜላም እንደዚሁ፤ «ብትበላ ከረሜላ» ሲባል ልጁ የሚሰማው ምግቡ ቅጣት፣ ከረሜላው ደስታ መሆኑን ነው።

8. ሌሎች መጠጦች

ጡት ሳይሆን የላም ወተትና ጁስ ሆዱን ሞልተውት የሚገኙባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። የላም ወተት አይረን የለውም ማለት ይቻላል፤ ሲበዛም እጥረቱን ያባብሳል። በቀን ከግማሽ ሊትር አይለፍ፤ ደጋግሞ ለሚጠባ ልጅ ከዚያም ያነሰ ይበቃዋል። ጁስ ካልቀረ 120 ሚሊ ሊትር፣ ከምግብ ጋር፣ በኩባያ። ጥም ማርኪያው ውኃ ይሁን።

9. ሲታመም

ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ሲይዘው ያወጣሽውን ሰዓት ሁሉ እርሺው። ምግብ የሚጠላ የታመመ ልጅ ጡት ብዙ ጊዜ አይጠላም፤ በዚያ ሰዓት ውኃውም ምግቡም እሱ ነው። የፈለገውን ያህል ይጥባ፣ ለስላሳ ምግብ በትንሽ በትንሹ ይቅረብለት። ሲሻለው ለሁለት ሳምንት ያህል በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ስጪው፤ ያጣውን የሚመልሰው ያኔ ነው። ወደ ቀድሞው ሰዓት ለመመለስ ጥቂት ቀን ይፈጃል፤ እንደ አዲስ ሳይሆን ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ።

10. ጤና ባለሙያ ጋ የሚያስኬዱ ምልክቶች

ከዚህ በታች ካሉት አንዱን ካየሽ «ይለፍለታል» ብለሽ አትጠብቂ።

ክብደቱ ለሁለት ሦስት ወር ካልጨመረ ወይም ከቀነሰ። የከንፈሩና የዓይኑ ሽፋን ውስጥ ከገረጣ፣ ቶሎ ከደከመው፣ ወይም አፈርና በረዶ መብላት ካበዛ፤ እነዚህ የአይረን እጥረት ምልክት ሊሆኑ ስለሚችሉ ደሙ ይታይ። ሲውጥ ደጋግሞ ትን ካለው፣ ካስታወከ ወይም ካመመው። ፈሳሽና ልም ምግብ ብቻ እየወሰደ የሚታኘክ ነገርን ሁሉ ከተፋ። ይበላቸው የነበሩትን ምግቦች አንድ በአንድ እየተወ ዝርዝሩ ከጠበበ፣ የሰው ዓይን አለማየት ወይም ንግግር መዘግየት አብሮት ካለ። የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ሲለካ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የምግብ እጥረት አለ፤ ከ11.5 በታች ከሆነ ደግሞ ሁኔታው ከባድ ስለሆነ በዚያው ቀን ሕክምና ይድረስ። ሽንቱ ከቀነሰ፣ አፉ ከደረቀ፣ ከመጠን በላይ ካንቀላፋም ጊዜ አይሰጥም።

የአይረን ሽሮፕ በራስሽ ገዝተሽ አትጀምሪ። መጠኑ በክብደት ይወሰናል፤ ሲበዛ ልጅን ይመርዛል፤ አንቺ የምትወስጂው ክኒን ካለም እጁ ከማይደርስበት ቦታ ቆልፊበት።

ስትሄጂ የሦስቱን ቀን መዝገብና የዕድገት ካርዱን ይዘሽ ሂጂ። ባለሙያው መጀመሪያ ላይ «ጡት አስጥዪው» ካለሽ ወረቀቱን አውጥተሽ የትኛው ሰዓት ላይ ያለው ጡት ከየትኛው ምግብ ጋር እንደሚጋጭ አሳዪው፤ የአይረኑ ምርመራም እንዲታዘዝለት ጠይቂ።